ቡችላው ከወረቀቱ ጋር ይሂድ

(ለአዲስ አንባብያን በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

በሽንፋና በመተማ ዮሐንስ፣ በገንዳ ውኃና በቋራ ያላችሁ፣ ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ የዛሬው ንግግራችን ስለ ውሻና ስለ ድመት ነው። «ስለ ውሻ ደግሞ ምን ንግግር አለ?» ብላችሁ እንዳትስቁ። የልጆቻችን ሕይወት ያለበት ነገር ነው። እስኪ ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን አቅርቡ። በኋላ አብረን የምናነበውና የምንጽፈው ወረቀት አለ።

በእኛ አካባቢ ውሻ እንደ በሬ ገበያ ወጥቶ፣ ጥርሱ ታይቶ አይሸጥም። ጎረቤት ለጎረቤቱ «ውሻህ ስትወልድ አንድ ቡችላ አትርሳኝ» ይላል። አንዱ በነጻ ይሰጣል፤ ሌላው ትንሽ ገንዘብ ይቀበላል። ድመትም እንዲሁ ነው። አይጥ የሰሊጡን ጆንያ መቅደድ ሲጀምር፣ ድመት ካለበት ቤት ግልገል ይለመናል። በአዲስ አበባ ደግሞ መንገድ ዳር ቡችላ ታቅፈው የሚሸጡ ወጣቶች አሉ።

ሽያጭም ይሁን ስጦታ፣ ለዛሬው ነገራችን ልዩነት የለውም። እንስሳው ከአንድ ቤት ወጥቶ ሌላ ቤት ገብቷል። ታዲያ ጥያቄው ይህ ነው፦ ከእንስሳው ጋር ምን አብሮ ገባ?

ከቆላ ወደ ደጋ የሄደው ቡችላ

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጊዜው ጥቅምት ነው እንበል። ሰሊጥ ታጭዶ፣ ነዶው ቆሞ፣ ደርቆ ተራግፏል። ከደጋ ለሥራ የመጣው የቀን ሠራተኛ ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው። እርሻው ሠፈር ውስጥ አንድ ቀይ ቡችላ ነበረ፤ ከሰውየው ጋር ተላምዷል። ሰውየው «ለልጆቼ ይዤው ልሂድ» ይላል። ባለቤቱም «ውሰደው፣ ምን ቸገረኝ» ይላል። ቡችላው ይበላል፣ ይጫወታል፣ ጭራውን ይቆላል። ማንም ቢያየው ጤነኛ ነው ይላል።

ነገር ግን በመስከረም አንድ ሌሊት ያልታወቀ ውሻ መጥቶ የሠፈሩን ውሾች ነካክሶ ነበር። ቡችላውም እግሩ ላይ ትንሽ ተጫረ። ቁስሉ በሳምንት ደረቀ። ሁሉም ረሳው።

ሰውየው ቡችላውን ይዞ ደጋ ገባ። ልጆቹ በደስታ ተቀበሉት። በኅዳር መጨረሻ ቡችላው ጠባዩ ተለወጠ። ከአልጋ ሥር እየገባ ይደበቃል፤ ምግብ እንቢ ይላል፤ ድምፁ ይጎረንናል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል። ትንሿ ልጅ ልታባብለው እጇን ስትዘረጋ ነከሳት።

አያችሁ፣ በሽታው በእግሩ አልመጣም። ሰው ታቅፎ አመጣው። ያመጣውም ሰው ክፉ አይደለም፤ ልጆቹን የሚወድ አባት ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጥያቄና ወረቀት።

በሽታው ምንድን ነው?

የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው በቫይረስ ነው። ቫይረስ ማለት በዓይን የማይታይ፣ እጅግ ትንሽ የበሽታ ተዋሲያን ነው። በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይገኛል። ሲነክስ፣ ሲቧጭር፣ ወይም የተላጠ ቆዳ ሲልስ ወደ ሰውነት ይገባል። ከዚያ በነርቭ መንገድ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ሳምንታት ወይም ጥቂት ወራት ይወስዳል። በዚህ ጉዞ ላይ ሳለ ውሻው ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ «ዓይኑ ንጹሕ ነው፣ ይበላል» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ምልክቱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ውሻ ያገኘውን ይናከሳል፤ እንጨትና ድንጋይ ያኝካል፤ ያለ ዓላማ ይሮጣል። ሌላው ግን ጸጥ ይላል። መንጋጋው ይላላል፤ መዋጥ ያቅተዋል፤ የኋላ እግሩ ይሰንፋል። አንዳንድ ሰው «አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ይህ እጅግ አደገኛ ነው።

በሽታው ውሻን ብቻ አይደለም የሚይዘው። ድመትን፣ ቀበሮን፣ ጅብን፣ ከብትን፣ አህያን፣ ሰውንም ይይዛል። በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ። በሽታው ከያዛቸው 100 ሰዎች 99ኙን የሚያስይዛቸው ውሻ ነው። ከሚሞቱት 10 ሰዎች ደግሞ 4ቱ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ለምን ልጆች? ከቡችላ ጋር የሚጫወቱት፣ ሲነከሱም ቁጣ ፈርተው የሚደብቁት እነሱ ስለሆኑ ነው።

የቆየ ጠላት፣ የቆየ መድኃኒት

ይህ በሽታ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1884 በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ የውሻ እብደት በብዛት እንደተነሣ በታሪክ ተጽፏል። በጌምድር ማለት የዛሬውን የጎንደር አገር የሚጨምር ነው። በ1895 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአዲስ አበባ ውሾች ላይ ተነሥቶ ነበር።

መድኃኒቱም የቆየ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ሉዊ ፓስተር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ፣ እብድ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ከተባ። ልጁ ዳነ። ከዚያ ወዲህ ክትባቱ እየተሻሻለ መጥቷል። በዱሮው ጊዜ ሆድ ላይ በየቀኑ ብዙ መርፌ ይወጋ ስለ ነበር ሰው ይፈራው ነበር። ዘመናዊው ክትባት ግን ክንድ ላይ የሚወጋ፣ ቁጥሩም ጥቂት የሆነ ነው።

ለውሻና ለድመትም ክትባት አለ። እንስሳው 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። በአንድ አካባቢ ካሉት 10 ውሾች 7ቱ ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ አጥቶ ይቆማል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ሕግ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ሰው ከሰው ጋር ሲኖር ማን ምን ኃላፊነት እንዳለበት የሚናገር ነው።

አንደኛ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ ይደርሳል ተብሎ የማይታሰብ ቢሆንም ኃላፊ ነው። ስለዚህ ውሻው ያንተ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ንክሻውም ያንተ ዕዳ ነው። «ገመዱን በጥሶ ነው» ማለት አያድንም። ያው ሕግ ስለ ሽያጭ በሚናገርበት ክፍል፣ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ዋስ ነው ይላል።

ሁለተኛ። በ1994 ዓ.ም. የእንስሳት በሽታዎችን ለመከላከልና ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 267/1994 ወጣ። አዋጁ የእንስሳት በሽታ ሲነሣ ለሚመለከተው እንዲነገር፣ በሽታ ካለበት ቦታ እንስሳ እንደ ልብ እንዳይንቀሳቀስ፣ ድንበር የሚያልፍ እንስሳም በጤና ምስክር ወረቀት እንዲያልፍ መንገድ አበጀ። አዋጅ በየጊዜው ይሻሻላል። ስለዚህ እንስሳ ከመሸጣችሁ ወይም ከአገር ከማውጣታችሁ በፊት የእንስሳት ሐኪሙን «አሁን የሚጠየቀው ወረቀት ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ሦስተኛ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የእንስሳት በሽታ ማሠራጨትን በወንጀል ይቀጣል። ውሻው መታመሙን እያወቀ «ከእኔ ቤት ይውጣልኝ እንጂ» ብሎ ለሌላ የሚሰጥ ሰው፣ ጎረቤቱን መበደሉ ብቻ ሳይሆን በሕግም ሊጠየቅ እንደሚችል ይወቅ።

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በመተማ በኩል የሥጋ ከብት ወደ ሱዳን ሲነዳ የጤና ምስክር ወረቀት እንደሚያስፈልገው ታውቃላችሁ፤ ነጋዴው ሁሉ ያውቃል። ከከብቱ ኋላ የሚከተለው የእረኛው ውሻስ? እሱን ማን ይጠይቀዋል? ቫይረሱ በሬ ነው ውሻ ነው ብሎ፣ ገላባት ነው መተማ ነው ብሎ አይለይም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሕዝብ በዚህ ድንበር ተሻግሯል። ሰው ሲሻገር የቤት እንስሳውም ሊከተል ይችላል። ስደተኛውን እንግዳ አድርገን እንቀበላለን። ውሻውን ደግሞ፣ የእኛም ይሁን የእንግዳ፣ እናስከትባለን።

የሌላው ዓለም ሰው ምን ያደርጋል?

በፈረንሳይ አገር ውሻ ወይም ድመት የሚሸጥ ሰው ከእንስሳት ሐኪም የተጻፈ ምስክር ወረቀት ለገዢው መስጠት አለበት። 8 ሳምንት ያልሞላው ቡችላም አይሸጥም። ከእናቱ ጡት ሊጠግብ ይገባዋል።

ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ውሻውን ወይም ድመቱን ይዞ ለመሄድ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ብዙ ይጠየቃል። መጀመሪያ እንስሳው ቆዳ ሥር የሩዝ ፍሬ የምታህል መለያ ቁጥር ያላት ዕቃ ይቀበርለታል። ከዚያ ይከተባል። ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ ደሙ ተወስዶ፣ ክትባቱ መሥራቱ በታወቀ ላቦራቶሪ ይመረመራል። ደሙ ከተወሰደ በኋላ 3 ወር መጠበቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ነው የጤና ወረቀቱን ይዞ አውሮፕላን የሚሳፈረው።

«ኧረ ይህን ሁሉ!» ትሉ ይሆናል። ግን ምክንያቱ ያንኑ የሽንፋውን ቡችላ የሚመለከት ነው። ጤነኛ የሚመስል እንስሳ በሽታ ይዞ እንዳይገባ ነው።

በገዛ አገራችንም ምስክር አለን። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ በስሜንና በባሌ ተራሮች ይኖራል። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በባሌ የውሻ እብደት ቀበሮዎቹ ላይ ገብቶ፣ በአንድ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኞቹን ፈጀ። በሽታው የተላለፈባቸው ከሰው ጋር ወደ ተራራው ከወጡ ውሾች ነው። ተራራው ላይ ክትባት ያላገኘ አንድ ውሻ ይበቃ ነበር።

ወረቀቱን እናንብብ

አሁን ደብተራችሁን ግለጡ። ውሻ ወይም ድመት ስታስከትቡ ሐኪሙ ወረቀት ወይም ካርድ ይሰጣችኋል። ካልሰጣችሁ ጠይቁ። ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህም ነውና ወረቀቱን አጣጥፋችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት አንብቡት። እንደዚህ ያለ ነገር ይኖርበታል፦

የእንስሳው ዓይነት፦ ውሻ
ፆታ፦ ሴት
ቀለም፦ ቀይ፣ ደረቷ ነጭ
ዕድሜ፦ 4 ወር
የክትባቱ ዓይነት፦ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ
የተከተበችበት ቀን፦ የካቲት 5
የሚደገምበት ቀን፦ በሚመጣው ዓመት የካቲት 5
የባለቤቱ ስም፦
የሐኪሙ ስም፣ ፊርማና ማኅተም፦

እያንዳንዱን መስመር በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። ከዚያ ቀና ብላችሁ ውሻዋን እዩ። ወረቀቱ «ቀይ፣ ደረቷ ነጭ» ካለ፣ ፊታችሁ የቆመው ግን ጥቁር ወንድ ውሻ ከሆነ፣ ወረቀቱ የሌላ ውሻ ነው። ማኅተምና ፊርማ ከሌለው ወረቀቱ ወረቀት ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ሒሳብ እንሥራ። የመጀመሪያው ክትባት በአንድ ቀን አይሠራም። ሰውነት መከላከያ እስኪያበጅ 21 ቀን መጠበቅ ደግ ነው። ውሻዋ የካቲት 5 ከተከተበች፣ 5 ሲደመር 21 ስንት ይሆናል? 26። ስለዚህ ከየካቲት 26 በፊት ወደ ሌላ ሰው ቤት አትሂድ።

ወረቀት ብቻውን ግን አይበቃም። እንስሳው ከመከተቡ በፊት ተነክሶ ከነበረ ክትባቱ ላያድነው ይችላል። ስለዚህ የሚቀበለው ሰው በቃልም ይጠይቅ፦ «ይህ ቡችላ በማያውቁት ውሻ፣ በቀበሮ ወይም በጅብ ተነክሶ ያውቃል? እናቱስ ደህና ናት?» የሚሰጠውም ሰው እውነቱን ይናገር። ተነክሶ ከሆነ ለማንም አይሰጥ፤ ለሐኪም ይነገር።

ሐኪሙ ጋ ከሄዳችሁ አይቀር፣ የኮሶ መድኃኒትም ጠይቁለት። ከብት ስታርዱ በሽታ ያለበትን ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ አትጣሉ። ከዚያ የሚያገኘው የኮሶ ትል እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ወደ ሰው እጅና ምግብ ይተላለፋል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም ውኃ የቋጠረ ዕብጠት ያወጣል።

ሰው ቢነከስስ?

ይህን ያላልነው እንደሆነ ንግግራችን ጎደሎ ይሆናል። ሰው በውሻ ወይም በድመት ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ፦

1. ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡት። ቡና ፈልቶ እስኪቀርብ ያህል ብላችሁ አትገምቱ፤ ሰዓት ያለው ሰው ይቁጠርላችሁ።

2. በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ክትባቱ በተለያዩ ቀኖች ይሰጣል። ሐኪሙ የጻፈላችሁን የቀጠሮ ቀን አንብቡ፤ አንዱንም አታቋርጡ። ክትባቱ እዚያ ከሌለ የት እንደሚገኝ ጠይቃችሁ በዚያው ቀን ቀጥሉ።

3. ውሻውን ቸኩላችሁ አትግደሉት። ያለ አደጋ ማሰር ወይም መዝጋት ከተቻለ ለ10 ቀን ይጠበቅ። 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ቀን ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ሰውየው ግን 10 ቀኑን አይጠብቅ፤ ክትባቱን ይጀምር።

4. ለእንስሳት ጤና ክሊኒክ ንገሩ። የሞተውን እንስሳ በባዶ እጅ አትንኩ።

ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ የሚያስጸልይ ያስጸልይ። ይህን የሚከለክል የለም። ነገር ግን ሥር ቀጥቅጦ በመጠጣት ክትባቱን የሚያስቀር ሰው ጊዜውን ያባክናል። ቫይረሱ ደግሞ ጉዞውን አያቆምም።

ለማጠቃለል

ውድ አድማጮች፣ ውሻ ቤታችንን ይጠብቃል፤ ሌሊት ጅብ ከበረት ያርቃል፤ ድመትም እህላችንን ከአይጥ ታድናለች። እኛም የእነሱን ጤና መጠበቅ ይገባናል። ከ3 ወር ጀምሮ እናስከትባቸው፤ በየዓመቱ እናስደግም። ስንሸጥ ወይም ስንሰጥ ወረቀቱን አብረን እንስጥ። ስንቀበል ወረቀቱን እናንብብ፤ እንጠይቅም። ያ ከሽንፋ ወደ ደጋ የሄደው ቡችላ አንድ ካርድ ቢኖረው፣ ባለቤቱም አንድ ጥያቄ ቢጠየቅ ኖሮ፣ የልጅቱ እጅ ባልተነከሰ ነበር።

በምታነቡበት ቦታ ተወያዩ፦

1. በመንደራችሁ ስንት ውሾች አሉ? ስንቶቹ ተከትበዋል? ከ10 ውሾች 7ቱ ይሞላሉ?
2. ውሻ ግንቦት 2 ቢከተብ፣ 21 ቀኑ የሚሞላው መቼ ነው?
3. ጎረቤት ያለ ወረቀት ቡችላ ቢሰጣችሁ፣ ሳታስቀይሙት ምን ትሉታላችሁ?

መልሳችሁን በደብተራችሁ ጻፉ። ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁም ይህን ጽሑፍ አንብቡለት።